ሜኒስከስሽ ተቀዷል አሉኝ፤ ኦፕራሲዮን ልግባ?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ሰነበቱ? 53 ዓመቴ ነው፣ አስተማሪ ነኝ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከዓመት ወዲህ ቀኝ ጉልበቴ፣ በተለይ ደረጃ ስወርድ፣ ይቆረጥመኛል። ጠዋት ስነሳ አስር ደቂቃ ያህል ይገትረኝና ይለቀኛል። ስቀመጥ ቋ ይላል። እናቴ «ብርድ ነው» ትላለች። ጎረቤቴ ደግሞ «ሪህ ነው» ብላ ሥጋ አስተወችኝ። አንድ ክሊኒክ ሄጄ ኤምአርአይ አስነሱኝና «ሜኒስከስሽ ተቀዷል፣ በትንሽ ቀዳዳ ገብተን እናስተካክለው፣ እግረ መንገዳችንንም እናጥበዋለን» አሉኝ። እቁቤ ደርሶኛል፣ ብሩን ለዚህ ላውለው? ሁዳዴ ሲገባ መስገድም እፈልጋለሁ።
— ጉልበት ያጣሁት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እቁቡን ለጊዜው አይንኩት። ቢያንስ ሦስት ወር።

በእጄ ያልዳሰስኩትን ጉልበት እንዲህ ነው ብዬ አልምልም። ግን ደብዳቤዎ ብዙ ይናገራል። ዕድሜዎ ከ45 በላይ ነው፣ ሕመሙ ሲንቀሳቀሱ ይብሳል፣ የጠዋቱ መገተር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። እነዚህ ሦስቱ ሲገናኙ ነገሩ በአብዛኛው የልም አጥንት፣ ማለትም የአጥንቶቹን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ክፍል፣ መሳሳት ጅማሬ ነው። እኛ ኦስቲዮአርትራይተስ እንለዋለን። ሪህ እንዲህ አይመጣም። በድንገት ይነሳል፣ ብዙ ጊዜ ከእግር አውራ ጣት ይጀምራል፣ ያብጣል፣ ይቀላል፣ አንሶላ ሲነካው እንኳ ያስጮኻል። ስለዚህ ፍስክ ሲሆን ሥጋዎን ይብሉ። ብርድም ልም አጥንት አይበላም። እናትዎ በጋቢ ቢጠቀልሉልዎ ግን እሺ ይበሉ፣ ሙቀት ያስታግሳል። ቋ የሚለው ድምፅ አብሮት ሕመም ከሌለ አያስጨንቅዎ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ራጅ ተነስተዋል? ከተነሱስ ቆመው ነው ተኝተው? ተኝተው የተነሱት ራጅ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ክፍተት ከእውነቱ ሰፋ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ክብደትዎ ሲያርፍበት ነው የጠበበው የሚታየው። ራጅ ካዘዙልዎ ሁለቱንም ጉልበት ቆመው ይነሱ። ዋጋው ከኤምአርአዩ ጋር አይወዳደርም።

አሁን ወደ «ተቀዷል» እንምጣ። ሜኒስከስ በጉልበት አጥንቶች መካከል እንደ ትራስ የተነጠፈ ልም አጥንት ነው። በእኛ ዕድሜ ጠርዙ እንደተተረተረ የቆየ ነጠላ ነው። በ2008 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ የፍራሚንግሃም ከተማ ነዋሪዎችን ኤምአርአይ አንስቶ ነበር። ሜኒስከሳቸው ተቀዶ ከተገኙት ውስጥ 61 በመቶዎቹ ባለፈው ወር ጉልበታቸውን ምንም አላላቸውም። ስለዚህ ቅዳዱ መታየቱ የሚያምዎ እሱ ነው ማለት አይደለም።

ስለ እጥበቱ ግን እኔም ከደሙ ንጹሕ አይደለሁም። በወጣትነቴ ስንቱን ጉልበት አጥቤያለሁ። ታካሚዎቼ መርቀውኝ ይሄዱ ነበር። በ2002 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ ሂዩስተን ውስጥ 180 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ጉልበታቸው ታጠበ ወይም ተጠረገ፣ ሌሎቹ ቆዳቸው ብቻ ተበጥቶ ተሰፋ። ማን ምን እንደተደረገለት አያውቅም። በሁለት ዓመት ውስጥ ልዩነት አልታየም። ምርቃቱን ለማን እንደምመልስ ግራ ገባኝ። ጉልበትዎ ተቆልፎ አልዘረጋም ካለ ወሬው ሌላ ነው፣ ያኔ ሳይውሉ ሳያድሩ ይምጡ። እርስዎ ግን እንዲያ አላሉም።

የእርስዎ መድኃኒት ከጉልበትዎ ሎሚ በላይ ያለው የጭን ጡንቻ ነው። እሱ ሲሰንፍ ሸክሙ በሙሉ ልም አጥንቱ ላይ ያርፋል። ወንበር ላይ ተቀምጠው ቀኝ እግርዎን ቀጥ አድርገው ይዘርጉ፣ እስከ አምስት ይቁጠሩ፣ ቀስ ብለው ያውርዱ። አስር ጊዜ። ከዚያ እጅዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ከወንበሩ ይነሱና ይቀመጡ። መጀመሪያ ያማል። በማግስቱ ጠዋት ሕመሙ ወደ ተለመደው ከተመለሰ ይቀጥሉ፣ ከባሰ ይቀንሱ። ውጤቱን ከስድስት ሳምንት በፊት አይጠብቁ። ብዙው ሰው በሁለተኛው ሳምንት ነው የሚተወው። ፊዚዮቴራፒስት ቢያገኙማ እሰየው።

ክብደት ካለዎት፣ አንድ ኪሎ በቀነሱ ቁጥር ጉልበትዎ በእያንዳንዱ እርምጃ አራት ኪሎ ያህል ይቀለዋል። አራት ፎቅ ስንት እርምጃ እንደሆነ እርስዎ ያውቁታል። ደረጃ ሲወጡ ጤነኛውን እግር ያስቀድሙ፣ ሲወርዱ የሚያመውን። ቡና ሲያፈሉ ዱካውን ትተው ከፍ ያለ ወንበር ይሳቡ። ዱላ ካስፈለገዎት በግራ እጅ ነው የሚያዘው። ሰው ሁሉ በሚያመው በኩል ሲይዝ አያለሁ።

ለሕመሙ በዲክሎፌናክ ቅባት ይጀምሩ። እንክብሉ ጨጓራና ኩላሊት ይነካል፣ ግፊትም ከፍ ያደርጋል። በተለይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እየጾሙ በባዶ ሆድ እንዳይውጡት። ጉልበት ውስጥ የሚሰጠው የኮርቲዞን መርፌ ለተወሰኑ ሳምንታት ያስታግሳል፣ ነገር ግን ሲደጋገም ልም አጥንቱን ያሳሳል። ስግደቱን ከንስሐ አባትዎ ጋር ይነጋገሩበት፤ ለታመመ ሰው ቆሞ እጅ መንሳትም አለ።

ኦፕራሲዮን ጨርሶ አይረባም እያልኩ አይደለም። እግር ወደ ውጭ ከጎበጠና ሕመሙ በአንድ ወገን ከሆነ አጥንቱን ቆርጦ ማቃናት አለ፣ ሸክሙ ወደ ደህናው ወገን ይዞራል። አጥንት ከአጥንት ሲፋጭና ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳ ደግሞ ጉልበቱ ይቀየራል። ሰው ሠራሹ ጉልበት ከአስር ሰው በስምንቱ 25 ዓመት ያገለግላል። ቸኩለው ገና በጅማሬው ያስቀየሩ ግን ብዙ ጊዜ ቅር ሲላቸው አይቻለሁ።

ዛሬ ማታ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። በ30 ሴኮንድ ውስጥ ሳይደገፉ ስንት ጊዜ ከወንበር እንደሚነሱ ልጅዎ ወይም ጎረቤትዎ ትቁጠርልዎ። ቁጥሩን ፍሪጁ ላይ ይለጥፉት። ከሦስት ወር በኋላ ይድገሙትና ሁለቱንም ቁጥር ይጻፉልኝ፤ ኦፕራሲዮኑን ያኔ እንነጋገርበታለን።