ቤልጅጉን ላድሰው ወይስ እንዳለ ልተወው? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ)፦ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ከኢትዮጵያ ተገዝተው ወደ አሜሪካ ከገቡት አሮጌ የጦር መሣሪያዎች አንዱን፣ የአንበሳ ምልክት የታተመበትን ቤልጅግ፣ ፈቃድ ካለው ሻጭ ገዛሁ። የሰደፉ አንገት ተሰብሮ በጠፍር ታስሯል፤ በርሜሉን ከላይ የሚሸፍነው እንጨት የለም፤ በማቀባበያው ላይ ያለው ቁጥር ከጠመንጃው ቁጥር ጋር አይገጥምም፤ ብረቱም በሙሉ ቡናማ ሆኗል። አያቴ በአርበኝነት ዘመን እንዲህ ያለ ጠመንጃ ይዘው እንደነበር ስለሚነገር፣ ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደነበረው አድርጌ ግድግዳ ላይ መስቀል፣ አልፎ አልፎም መተኮስ እፈልጋለሁ። አዲስ ሰደፍ ገዝቼ ብረቱን አስፍቄ እንደገና ባስጠቁረው ምን ይመስላችኋል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ በመጀመሪያ ብረቱን የሚፍቅልዎትን ሰው ቀጠሮ ይሰርዙ። ቀሪው ሁሉ በእርጋታ ሊታሰብበት ይችላል፤ የተፋቀ ብረት ግን አይመለስም። በማሽን የሚደረግ ፍቀት ዝገቱን ብቻ ለይቶ አያነሳም፤ የብረቱን ጠርዝ ያዶለዱማል፣ የታተመውን ጽሑፍ ያሳሳል፣ እርስዎ ለገዙበት ምክንያት የሆነውን የአንበሳ ምልክትም ጥርት ካለ ቅርጽ ወደ ደበዘዘ ጥላ ይለውጠዋል። ከዚያ በኋላ ብረቱ ምንም ያህል ቢያምር፣ በምልክቱና በቁጥሮቹ ዙሪያ የነበረው የፋብሪካው የሥራ አሻራ ጠፍቷል።

ሁለተኛው ጉዳይ «የቀድሞ መልኩ» ሲባል የትኛው ቀን እንደሆነ መወሰን ነው። ቤልጅግን የሠራው የሄርስታሉ ፋብሪካ፣ ኤፍ ኤን የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1889 በቤልጅግ አገር በሊዬዥ ከተማ አጠገብ የተመሠረተው ለቤልጅግ ጦር ማውዘር የሚባለውን በጀርመን የተነደፈ ጠመንጃ ለመሥራት ነበር። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያወጣቸውን እ.ኤ.አ. የ1924 እና የ1930 ሞዴል አጫጭር ማውዘሮች ለብዙ አገሮች ሲሸጥ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥትም ከጣሊያን ወረራ በፊት በነበሩት ዓመታት ከደንበኞቹ አንዱ ነበር። እነዚህ ጠመንጃዎች በርሜላቸው 59 ሴንቲ ሜትር ገደማ፣ ሙሉ ርዝመታቸው 110 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሆኖ በውስጣቸው አምስት ጥይት ይይዛሉ። ከዚያም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የወረራ ዘመን መጣ፤ ጠመንጃ ከወታደር ወደ አርበኛ፣ ከአርበኛ ወደ ምርኮ፣ ከምርኮ ተመልሶ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት ሲዘዋወር ኖረ። በእጅዎ ያለው ቤልጅግ በፋብሪካው ደጃፍ የቆየው ምናልባት ለጥቂት ሳምንታት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ምድር ግን ከሰው ዕድሜ የሚበልጥ ጊዜ አሳልፏል። በእኔ ፍርድ የእርስዎ ጠመንጃ እውነተኛ መልክ ይህ ረጅሙ ዕድሜው ነው።

ስለዚህ በጠመንጃው ላይ የሚታየውን ለውጥ ሁሉ በሁለት ይክፈሉት። አንደኛው ጠመንጃው በአገልግሎት ላይ ሳለ ሥራውን እንዲቀጥል የተደረገ ጥገና ነው፤ ይህ ይቆይ። ሁለተኛው ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ ሻጭ ወይም ባለቤት ለምቾቱ ወይም ለመልኩ ያደረገው ለውጥ ነው፤ ይህን ማስተካከል ተገቢ ነው። ጠፍሩ ያለ ጥርጥር ከመጀመሪያው ወገን ነው። ቀርበው ቢመለከቱት፣ እርጥብ ቆዳ በተሰበረው አንገት ላይ ተጠቅልሎ ከተሰፋ በኋላ እየደረቀ ሲኮማተር እንጨቱን አንቆ እንደያዘው ያያሉ፤ ስፌቱ ብዙ ጊዜ እጅ በማይነካው በታችኛው ጎን ይውላል፤ የተኳሹ መዳፍ ያረፈበት ቦታ ደግሞ እንደ ቀንድ ጠቁሮ ያብለጨልጫል። ይህን ያሰረው ሰው ምትክ ሰደፍ የሚያዝበት መጋዘን አልነበረውም፤ ሆኖም ጠመንጃውን ወደ መስመር መልሶታል። ይህ ሥራ ተቆርጦ በቆሻሻ መጣያ ሲወድቅ ማየት ለእኔ ከባድ ነው።

ጠፍሩን ውኃም ሆነ ዘይት አያስነኩት፤ ውኃ ያላላዋል፣ ዘይት ደግሞ ቆዳውን አለስልሶ መያዣነቱን ያሳጣዋል። በደረቅ ለስላሳ ብሩሽ አቧራውን ማንሳት ይበቃል። እንጨቱን በተመለከተ የብርጭቆ ወረቀት ፈጽሞ አይጠቀሙ። በእንጨቱ ላይ የተመቱ ማኅተሞች፣ የተቀረጹ ፊደሎች ወይም ምልክቶች ካሉ የመጀመሪያዎቹ ተጎጂዎች እነሱ ናቸው። የተጋገረውን እድፍና የቆየ ግራሶ በሚኒራል ስፒሪት (በቀለም ማቅጠኛ ፈሳሽ) በረጠበ ጨርቅ ቀስ እያሉ ማንሳት፣ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ መውጣት ሲጀምርም ማቆም ነው።

የብረቱን ቡናማነት አይጥሉት። ደርቆ የተቀመጠ ቡናማ ገጽታ ብረቱን አይበላም፤ ጠላቱ በጣት ሲነካ የሚረግፈው ብርቱካናማው ዝገት ነው። እሱን በቀጭን የመሣሪያ ዘይት ለጥቂት ቀናት አርሰው፣ ከስስ የነሐስ ክር በተሠራ መፋቂያ ሳይጫኑ ያንሱት። ነሐስ ከብረቱ ስለሚለሰልስ ዝገቱን ይወስዳል እንጂ ብረቱን አይቧጭርም። በበርሜሉ ላይ በትንንሽ ፊደል የታተመ የአስመጪ ድርጅት ስም ያገኛሉ፤ የአሜሪካ ሕግ ያስገደደው ነውና ዓይን ቢያስከፋም አይነካም። መለያ ቁጥርን መፋቅ ወይም መለወጥ ደግሞ የፌዴራል ወንጀል ነው። ማቀባበያውን ለማስገጠም አዲስ ቁጥር ማስመታት ከማታለል አይለይም፤ ያልገጠመው ቁጥር በግምጃ ቤት ከብዙ ጠመንጃ ጋር ተፈታትቶ የተጠገነ መሆኑን የሚናገር ማስረጃ ነው።

ለመተኮስ ያለዎት ሐሳብ ግን ሌላ ምክር ይፈልጋል። ማቀባበያው የሌላ ጠመንጃ ስለሆነ፣ ሲዘጋ በፊቱና በጥይቱ መቀመጫ መካከል የሚቀረው ክፍተት ልክ መሆኑን ፈቃድ ያለው የጠመንጃ ባለሙያ በመለኪያ ሳያረጋግጥ አንድም ጥይት አይጉረስ። ክፍተቱ ከሰፋ ቀለሁ ሊቀደድና እሳቱ ወደ ተኳሹ ፊት ሊመለስ ይችላል። ጥይቱንም በወሬ አይምረጡ፤ ባለሙያው የጥይት መጉረሻውን ቅርጽ አውጥቶ ይለካው። በጠፍር የተያዘ የተሰበረ አንገትም የተኩስን ግፊት እንዲሸከም አይጠየቅም። መተኮስ ካለበት ሌላ ሰደፍ ገዝተው በብሎን ብቻ ያግጥሙ፣ የጥንቱን ሰደፍ ከነጠፍሩ ደረቅ ቦታ ያስቀምጡ፤ የጎደለውን የላይኛውን እንጨትም በዚሁ በሁለተኛው ሰደፍ ላይ ያሟሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ፦ የዩጎዝላቪያ ኤም 24 እና ኤም 48 ማውዘሮች ለዓይን ተመሳሳይ ቢመስሉም አካላቸው ከመደበኛው ማውዘር በስድስት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሚያጥር ሰደፋቸው ከመደበኛው ጋር አይገጥምም። የብሎኖቹን ርቀት ሳይለኩ ገንዘብ አያውጡ።

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)፦ የእኔ ጠመንጃ የእንግሊዝ ሊ-ኤንፊልድ ቁጥር 4 ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት አንድ አሜሪካዊ አዳኝ የፊት እንጨቱን በመጋዝ ቆርጦ አሳጥሮታል። ለቤልጅግ እንዳለ ይቆይ የሚል ሐሳብ ለዚህም ይሠራል?

መልስ፦ አይሠራም። የእርስዎን ጠመንጃ እንጨት የቆረጠው ለውጊያ የቸገረው ወታደር ሳይሆን ለአደን ቀለል እንዲልለት የፈለገ ገዢ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትርፍ ጠመንጃ በርካሽ ስለተሸጠ እንዲህ ያለው ቆረጣ በሺዎች ላይ ተፈጽሟል፤ እሱን መቀልበስ ጠመንጃውን ወደ እውነተኛ አገልግሎቱ ይመልሰዋል።

መጀመሪያ አፈሙዙን ይመልከቱ። በቁጥር 4 ጠመንጃ ላይ ሳንጃ የሚያዝበት ሁለት ትንንሽ ጉብታ ከበርሜሉ ጋር አብሮ የተሠራ ነው። ጉብታዎቹ ካሉ በርሜሉ አልተቆረጠም፣ ሙሉ ርዝመቱም 64 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ከሌሉ ግን በርሜሉ ተቆርጧል ማለት ነውና ወጪው ከጥቅሙ ይበልጣል። ቀጥለው ለአደን መነጽር ተብሎ በትራፓኖ የተበሳ ቀዳዳ መኖሩን ይፈትሹ፤ የተበሳን ብረት በታማኝነት መመለስ አይቻልም። ሁለቱም ደህና ከሆኑ የጎደለዎት እንጨት፣ ቀለበትና ማንገቻ መያዣ ብቻ ነው፤ እነዚህ ደግሞ በገበያ ይገኛሉ።

አዲሱ የፊት እንጨት ግን ተገዝቶ ወዲያው የሚሰካ ዕቃ አይደለም። የእንጨቱ የኋላ ጫፍ ከጠመንጃው ብረት ጋር በሁለቱም ጎን እኩልና ጥብቅ ሆኖ መቀመጥ፣ የፊት ጫፉም በርሜሉን በጥቂት ኪሎ ግፊት ወደ ላይ መደገፍ አለበት፤ ይህ ካልተሟላ የሚያምር ግን ዒላማ የማይመታ ጠመንጃ ይሆናል። ብረቱን በጥቁር ሰም ወይም በጥላሸት ነክተው እንጨቱ ላይ ያስቀምጡና ያነካካውን ቦታ ብቻ ጥቂት በጥቂት ያንሱ። ትዕግሥት የሚጠይቀው ሥራ ሁሉ ያለው እዚህ ነው፤ ለእኔ ከዕድሳቱ ሁሉ የሚያስደስተውም ይኸው ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ 50 ዓመት የሞላውን መሣሪያ እንደ ቅርስ የሚቆጥረው በመጀመሪያ አሠራሩ ላይ ሲገኝ ስለሆነ፣ የሰብሳቢ ፈቃድ ካለዎት የተቆረጠና ያልተቆረጠ ልዩነቱ በወረቀትም ላይ ይታያል።

ጥያቄ (ከሲያትል፣ ዋሽንግተን)፦ ሰደፍ በምን ይወለወል?

መልስ፦ በተልባ ዘይት። የዚያን ዘመን ወታደራዊ ሰደፎች አብዛኞቹ ዘይት የጠጡ እንጂ ቫርኒሽ የተቀቡ አልነበሩም። ጥቂት ጠብታ በመዳፍዎ እስኪሞቅ አሽተው ይቀቡ፣ ከሩብ ሰዓት በኋላ የተረፈውን በደንብ ይጥረጉ፣ እስኪደርቅም አንድ ሁለት ቀን ይተዉት። ወፍራም ቅብ ይጣበቃል እንጂ አይደርቅም። የጠረጉበትን ጨርቅ ግን ጨምድደው ጥግ ላይ አይጣሉት፤ የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ስለሚያመነጭ የተጨመደደ ጨርቅ ማንም ሳይለኩሰው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ውጭ ዘርግተው ያድርቁት፣ ወይም ውኃ ባለበት ክዳናማ ቆርቆሮ ውስጥ ነክረው ያስወግዱት።