የቅድመ አያቴን ልብስ ብለብስ ምን ነውር አለው?

ደብረ ብርሃን ከተማ ልብስ ስሰፋ የኖርኩ ነኝና በዚህ ዓምድ የምመልሰው መርፌና ክር የሚያውቀውን ያህል ብቻ ነው። በዚህ ወር ሦስት ደብዳቤ መርጫለሁ። ሦስቱም የሚጠይቁት የአያት የቅድመ አያት ልብስ መልበስን ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የመንዝ ልጅ ነኝ፤ ትውልዴ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ነው፤ አሁን አዲስ አበባ እሠራለሁ። ቅድመ አያቴ አድዋ ዘምተው በደኅና ተመልሰዋል። ባለፈው የካቲት 23 እሳቸውን ላስብ ብዬ ወርቃማ ጥልፍ ያለው ለምድ፣ የአንበሳ ጎፈር የሚመስል የራስ ጌጥና ጋሻ ተከራይቼ ወጣሁ። ፎቶውን ለአጎቴ ብልክለት ደውሎ «ያንተ ቅድመ አያት ራስ ነበሩ እንዴ? ሰው ሳይስቅብን አጥፋው» አለኝ። በጣም ከፋኝ። አያቴ ቤት ሳጥን ውስጥ የእሳቸው ነው የሚባል ጥቁር በርኖስ አለ፤ ነገር ግን ብል በልቶታል፣ ሽታም አለው። ለመጪው የካቲት ምን ልልበስ? በርኖሱንስ ላውጣው ወይ?

መልስ፦ ልጄ፣ አጎትህ አነጋገሩ ጎመዘዘ እንጂ የተናገረውስ እውነት ነው። በአፄ ምኒልክ ዘመን የጌጥ ለምድ፣ ካባና የአንበሳ ጎፈር ገንዘብ ያለው ሁሉ ገዝቶ የሚለብሰው አልነበረም። ንጉሡ ወይም ትልቅ ሹም ለሥራህ ይሸልምሃል፤ አንተም በሰው ፊት ለብሰኸው ትታያለህ። ያልተሸለመ ሰው እንዲያ ለብሶ አደባባይ ቢወጣ «ማን ሸለመህ?» መባሉ አይቀርም። አጎትህም ያለህ ይኸንኑ ነው፤ ጥያቄው መቶ ሠላሳ ዓመት ዘግይቶ ደረሰህ።

ደግሞ እኮ አሁን አሁን የካቲት 23 አደባባይ የሚወጣውን ወጣት ሳይ ሁሉም ደጃዝማች ነው፣ ሁሉም ራስ ነው። ሁሉም የራስ ልጅ ከሆነ ድንኳኑን ማን ተከለው? በቅሎውን ማን ጫነው? ወደ መቶ ሺህ የሚገመት ሠራዊት ነው ወደ ሰሜን የተመመው፤ አብዛኛው እርሻውን ትቶ፣ ስንቁን ይዞ፣ በባዶ እግሩ የሄደ ገበሬ ነው። አከራዮቹ የሚሰፉት ከድሮ ፎቶግራፍ እያዩ ነው፤ በዚያ ዘመን ፎቶ ለመነሳት የሚቆመው ደግሞ ባለማዕረግ ነው፣ እሱም ያለውን ጌጥ ሁሉ ደርቦ። የመንዙን ገበሬ ለብቻው አቁሞ ፎቶ ያነሳው ጥቂት ነው። ስለዚህ የአንተ ቅድመ አያት አከራይ ቤት የሉም።

ያሉት ሳጥኑ ውስጥ ነው። መንዝን ታውቀዋለህ፤ መሐል ሜዳ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ የጥቅምት ውርጭ ጥጥ ለብሰህ የምትቋቋመው አይደለም። በርኖስ የዚያ ብርድ ልብስ ነው። ጸጉሩ የመንዝ በግ ነው፤ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትሉታል፣ ወንዶቹ ይሸምኑታል። ጥቁሩ ጥቁር በግ ነው፣ ቡላውም ቡላ በግ ነው፤ ቀለም አይነካውም። እኔ ሞላሌ ነው ያደግሁት፤ አባቴ በርኖሱን ቀን ለብሶት ይውላል፣ ማታ እኛን ያለብሰናል፣ ዝናብ የመታው ቀን ደግሞ ቤቱ በሙሉ በግ በግ ይሸታል። አንተ ሽታ ያልከውን እኔ አውቀዋለሁ፤ አያስነውርም።

ሁሉ ሰው በርኖስ ነበረው ማለቴ አይደለም። የሌለው የበግ ለምድ ጣል ያደርግ ነበር፤ ይህ ለምድ አንተ ከተከራየኸው ጋር ስሙ ነው እንጂ ሌላው አይገናኝም፣ ከእረኛ ትከሻ የወረደ ቆዳ ነው። ከሥር ጠባብ ሱሪ፣ ወገብ ላይ ድግ፣ ከላይ ሸማ። የፋብሪካ ጨርቅ ነካው ብለህም አትጨነቅ፤ አቡጀዲ በዚያ ዘመን ገበያችን ገብቶ ነበርና ሱሪህን ከአቡጀዲ ብታሰፋ ያስኬዳል። ልብ በል፣ ወርቃማ ሪባን የለም! ሪባን ያለበትን አምጥተህ «አስተካክይልኝ» ብትለኝ የማስተካክልልህ በመቀስ ነው።

በርኖሱን አውጣው፤ ግን አትልበሰው። ብል የበላ የበግ ጸጉር ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል በራሱ ክብደት ይቀደዳል። መጀመሪያ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ምንጣፍ ላይ ዘርጋው፤ ቀስ ብለህ አራግፈው። ብሉን ለማባረር አንድ ሁለት ሰዓት ፀሐይ ይምታው እንጂ ቀኑን ሙሉ አታስጣው፣ ጥቁሩ ይነጣል። በረኪና፣ የፈላ ውሃ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚሉትን አታቅርብለት። ሲመለስ በንጹሕ አቡጀዲ ተጠቅልሎ፣ ናፍታሊን ጨርቁን ሳይነካ ጥግ ላይ ተደርጎ ይቀመጥ። በክረምት ካልሆነ በቀር በየሁለት ወሩ ይታይ።

ተዘርግቶ ሳለ ልክ ውሰድበት። የጋዜጣ ወረቀት እየቀጠልክ ከሥሩ አድርግና ዙሪያውን በእርሳስ አስምር። ስንት ቁራጭ ተገጣጥሞ እንደተሰፋ፣ ስፌቱ የት የት እንደሚያልፍ፣ አንገቱ በምን እንደሚያያዝ ጻፍ። በአንድ ትከሻው ላይ ሾጠጥ ብሎ የሚቆመውን ጫፍ አትርሳ፤ የዛሬ ሰፊዎች ብዙዎቹ ይዘልሉታል፣ ያለሱ ግን በርኖስ ሳይሆን የትምህርት ቤት ጋውን ነው የሚመስለው። ከዚያ ወረቀቱን ይዘህ ወደ መሐል ሜዳ ወይ ሞላሌ ገበያ ሂድና የበግ ጸጉር የሚሠራ ሸማኔ ጠይቅ። ለየካቲት ከፈለግህ መስቀልን ሳታልፍ እዘዝ፤ ፈትሉ ከሽመናው ይረዝማል፣ የምትፈትለዋም ሴት ሌላ ሥራ አላት።

ሸማውን የምታጣፋበትም መልክ አለው። ጥለቱን ወደ አንገት አዘቅዝቀህ ከለበስክ ለቅሶ ነው፤ በበዓል ቀን እንዲያ አድርገው ፎቶ የሚነሱ አይቻለሁ፣ ሽማግሌ ቢያያቸው «ማን ሞተ?» ይላል። መስቀለኛው ለቤተ ክርስቲያን ነው። በሹም ፊት የሚቆም ሰው አደግድጎ ነው፤ ዘማችም ሲሮጥ እንዳይጠልፈው ወገቡ ላይ ያጠብቀዋል። አንተም እንዲያ አድርግ።

ጋሻው ይቅር አልልህም፤ ገበሬም ጋሻ ነበረው። ጠመንጃ ካሰኘህ ከእንጨት ይቀረጽ፣ ረጅም ይሁን፤ በአድዋ ከነበሩት አንዱ ውጅግራ ነው፣ ቁመቱ ወደ ሰው ደረት ይጠጋል። ባለፈው ዓመት አንዱ ጎፈር አድርጎ የእንጨት ክላሽ ታጥቆ ሲያልፍ ሱቄ ውስጥ ያሉት ደንበኞች በሳቅ ሞቱ።

ጎፈሩ ናይለን ነው ብዬ ነው ዝም ያልኩህ። እውነተኛ የአንበሳ ቆዳ ወይም ከመንዝ ጓሳ የመጣ የጭላዳ ዝንጀሮ ጸጉር ልሽጥልህ የሚል ቢገጥምህ ግን ሽሽ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999 ያለ ፈቃድ እንዲህ ያለውን መያዝም መነገድም ከልክሏል፤ ጭላዳ ደግሞ ከአገራችን ሌላ የትም የለም።

አጎትህን ደውለህ ጥራው። ልኩን ስትወስድ ምንጣፉን አብሮህ ይያዝ። የቅድመ አያትህ ድግ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር፣ ራሳቸውን ያስሩ እንደሆነ፣ ጫማ መቼ እንዳደረጉ ከእኔ ይልቅ የሚያውቅ እሱ ነው፤ ባያውቅም የሚያውቀውን ሽማግሌ ያውቃል። እንዲህ የሚቆጣ ዘመድ የሚያስብልህ ነው፤ የማያስብልህማ «አምሮብሃል» ብሎ ያልፋል።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በአባቴ የቡልጋ፣ በእናቴ የአልዩ አምባ አርጎባ ነኝ። ጥር ላይ ሠርጌ ነው። ለመልሱ ካባና ዘውድ እንድከራይ ሁሉም ይገፋፋኛል። እኔ ግን የሁለቱን አያቶቼን ልብስ ብለብስ ደስ ይለኛል። ግማሹን እንደ አንዷ ግማሹን እንደ ሌላዋ አድርጌ ላሰፋው?

መልስ፦ እንኳን ደስ ያለሽ የኔ ልጅ። ግማሽ በግማሽ አይሰፋም። ሁለቱም አያቶችሽ ቢያዩት የየራሳቸውን ፈልገው ያጡታል።

ይልቅ ጨርቁን ተመልከቺ። ደጋው ላይ ጥጥ አይበቅልም፤ ጥጡ ከይፋት ቆላ፣ ከሸዋ ሮቢት በኩል ነው የሚወጣው። አርጎባ በሽመናም በንግድም የታወቀ ነው። አልዩ አምባ ደግሞ ከአንኮበር ሥር ያለች፣ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከሐረርና ከታጁራ የሚመጣው ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፍባት ገበያ ነበረች። የአባትሽ ወገን አያት ለብሰውት የኖሩትን ሸማ የእናትሽ ወገን ሸምኖት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ሙሉ የፈትል ቀሚስ ከእናትሽ አገር ሸማኔ እዘዢ፤ ጥበቡ ቀጭን ይሁን፣ በሳባ ክር አታብለጭልጪው። ስፌቱን የአባትሽ እኅቶች እንደሚያውቁት ይስፉት። መቀነቱን ከእናትሽ ቤት አስመጪ።

ጌጡ ብር ይሁን። በጥንቱ ሸዋ ወርቅ የቤተ መንግሥት ሰውና ንጉሡ የፈቀደለት እንጂ የማንም አልነበረም፤ የባላገር ሴት ጌጥ ብር ነበር፣ ብዙውም 1780 የሚል የታተመበት ማርትሬዛ እየቀለጠ የተሠራ። አክስት ጋ የተረፈ ድሪ ወይም አልቦ ካለ ተዋሺ እንጂ አትግዢ፤ የተዋሽው ጌጥ ሲመለስ ወሬ ይዞ ይመለሳል። መስቀል ያለበትን ድሪ ሙስሊሞቹ የአርጎባ ዘመዶችሽ በሚሰበሰቡበት ሰዓት ለጌጥ ብለሽ አታድርጊ፤ የቡልጋዎቹ ቀን ሲሆን ለእምነትሽ ከሆነ አድርጊው። የእናትሽን እናት ራስ አሸፋፈን ደግሞ ከእኔ አትማሪ፣ አልዩ አምባ ወርደሽ ከሴቶቹ ተማሪ።

ካባውንስ? ሙሽራው ካማረው እሱ ይልበስ። ዘውዱ ግን ይቅር፤ ዘውድ የጫነ አያት በሁለቱም ወገን የለሽም።

ጥያቄ፦ በደብረ ሲና አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ለሚያዝያ 27 ተማሪዎቼ አያቶቻቸውን እየጠየቁ እንደ አርበኛ እንዲለብሱ አስቤያለሁ። ወላጆች የአድዋውን የኪራይ ልብስ ነው የሚያመጡት። ልዩነቱን እንዴት ላስረዳቸው? ወጪውስ?

መልስ፦ መምህር፣ ወጪ የለውም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጫካ የገባ ሰው ልብስ የሚያሳምርበት ጊዜ አልነበረውም፤ ያለውን ለበሰ፣ ከጠላት የማረከውንም ለበሰ። ስለዚህ ያረጀ ካኪ ሸሚዝ፣ ከጉልበት የቀረ ቁምጣ፣ የወንድም አሮጌ ኮት፣ ከየቤቱ አንድ አንድ ጋቢ። ዝናሩን ከካርቶንና ከድሮ ቀበቶ ራሳቸው ይሥሩት። ለምድና ጎፈር ይዞ የመጣ ልጅ ካለ ለየካቲት ያስቀምጥልዎ።

ሴቶቹን ስንቅ ብቻ አያስይዟቸው። እንደ ሸዋረገድ ገድሌ ያሉ ሴቶች ሰልለዋል፣ ተዋግተዋል፣ ታስረዋል፤ ከሴቶቹ ዝናር የምትታጠቅ ትኑር። አያቶቹን ሲጠይቁም «አርበኞቹ ምን ለበሱ?» ብቻ አይበሉ፤ «ያንን ልብስ ማን ሰጣቸው? ሲቀደድ በምን ጣፉት?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ ረጅም ነው።

አንድ ነገር ብቻ አስቀድሞ ያስቡበት። የሸዋ አርበኛ ምልክቱ ልብሱ ሳይሆን ጎፈሬው ነው። ዊግ የሚባለውን አይግዙ፤ ልጆቹ ጸጉራቸውን ከጥር ጀምሮ ሳይቆረጡ እንዲያሳድጉ ይፈቀድላቸው። ርዕሰ መምህሩን ማሳመን የእርስዎ ፈንታ ነው።