አሰብ ላይ ትራንዚተር ነበርኩ፣ ስለ ኢትዮጵያና ኤርትራ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ

እሺ በቃሌ መሰረት ዛሬ ማታ ቁጭ ብያለሁ። እስከ ግንቦት 1990 አሰብ ወደብ ላይ ትራንዚተር (የነጋዴን ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ሰራተኛ) ነበርኩ፣ ከዛ ጅቡቲ ወረድኩ፣ አሁን ጡረታ ነኝ። ፖለቲከኛ አይደለሁም፣ የማውቀው የዕቃ ወረቀት ነው፣ ግን ሁለት ጎረቤት ሲጣላ መጀመሪያ የሚቆመው እሱ ስለሆነ ብዙ ነገር ያሳያችኋል። ለስድብ መልስ የለኝም።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያ ሁሉ ሰው ያለቀው በእውነት ለባድመ ነው?

ባድመ ላይ ተጀመረ፣ ቂሙ ግን ከዛ በፊት ነበር። በ1985 ሪፈረንደም ከተለያዩ በኋላም ሁለቱም አገር በብር ነበር የሚገበያየው፣ እኛም ሂሳባችንን በብር ነበር የምንሰራው፣ ከዛ 1990 መጀመሪያ ላይ የኤርትራ ገንዘብ ናቅፋ ወጣ። አስመራ ናቅፋና ብር አንድ ለአንድ ይሁኑና እዚህም እዚያም ይሰሩ አለች፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2000 ብር ከማይበልጥ የጠረፍ ንግድ ውጪ ሁሉም በኤልሲ (በባንክ የክፍያ ዋስትና) በዶላር ይሁን አለች። ትናንት እንደ አንድ አገር ሲነግድ የነበረ ነጋዴ በአንድ ጊዜ አስመጪና ላኪ ሆነ ማለት ነው። ግንቦት ላይ ተኩሱ መጣ፣ የኢትዮጵያ ዕቃ ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ፣ እኔም አብሬ ዞርኩ።

ጥያቄ፦ ባድመ ታዲያ ለማን ነው የተፈረደው? አባቴ ለኛ ነው ይላል

አባትህ አልዋሸም፣ በቴሌቪዥን የሰማውን ነው የሚነግርህ። ጦርነቱን በቋጨው በአልጀርሱ ስምምነት (ታህሳስ 3 1993) የተቋቋመው የድንበር ኮሚሽን ሚያዝያ 1994 ውሳኔውን ሄግ ላይ ሲሰጥ መንግስት ባድመ ለኛ ሆነች ብሎ አወጀ፣ ህዝቡም ጨፈረ፣ ካርታው በደንብ ሲታይ ግን ባድመ ወደ ኤርትራ ነው ያለችው። በሌላ በኩል የካሳው ኮሚሽን በ1998 ጦርነቱን በመጀመር ህግ የጣሰችው ኤርትራ ናት አለ። ስለዚህ ሁለቱም የሚፈልገውን ግማሽ ይዞ ሄደ። ካሳው ራሱ በ2001 ሲሰላ ለኢትዮጵያ 174 ሚሊዮን ዶላር፣ ለኤርትራ 163 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው የመጣው፣ ተቀናንሶ እኮ ልዩነቱ ለዛ ሁሉ ሬሳ ምንም ነው።

ጥያቄ፦ የ2010ሩ ሰላም ለምን ከሸፈ? ያን ቀን አልቅሼ ነበር እኮ

እኔም አልቅሻለሁ እህቴ። ሐምሌ 1 ዶክተር አብይ አስመራ ገባ፣ በማግስቱ ተፈረመ፣ መስከረም 1 2011 የጠረፍ በሮቹ ዛላምበሳና ቡሬ ተከፈቱ፣ ሃያ ዓመት ያልተያየ ቤተሰብ ተቃቀፈ። እኔ ግን በዛው ሰሞን የፈለግኩት ሌላ ነገር ነበር፣ ታሪፉ ስንት ነው፣ ብርና ናቅፋ በስንት ይመነዘራል፣ መኪናው በየትኛው ሰነድ ያልፋል፣ ዕቃው መንገድ ላይ ቢጠፋ ማን ይጠየቃል? መግለጫው አምስት ነጥብ ነው፣ ንግድ ይቀጥላል ይላል፣ እንዴት እንደሚቀጥል ግን የለበትም። መስከረም 2011 ጅዳ ላይ ሁለቱ የፈረሙትም ያው ነው። በዛላምበሳ በኩል ሲሚንቶውም ጤፉም ዝም ብሎ አለፈ፣ ምንዛሬውን ገበያው ራሱ ተመነው፣ ደስ ይል ነበር አልዋሽም፣ ግን የ1990 ጥል ምክንያት አንዱ ይሄው ምንዛሬ አልነበረም እንዴ? ሶስት ወር ብዙም ሳያልፍ ዛላምበሳ ተዘጋ፣ ሚያዝያ 2011 ቡሬም ተዘጋ፣ ለምን እንደተዘጋ በይፋ የነገረን የለም። ሁለት መሪዎች የተስማሙት ነገር የሁለቱ አገር ጉምሩክ ሰራተኛ ጠረጴዛ ላይ ካልደረሰ መሪዎቹ ሲኳረፉ አብሮ ይቀራል። የትግራይን ጦርነት የሚያቆመው ስምምነት ፕሪቶሪያ ላይ ጥቅምት 2015 ሲፈረም ደግሞ ኤርትራ ጦሯ ትግራይ ውስጥ እያለ ፈራሚ አልነበረችም፣ ኩርፊያው ከዛ በኋላ ነው የባሰው።

ጥያቄ፦ አለማቀፍ ህግ ወደብ ይሰጠናል አይደል?

መተላለፊያ ይሰጣል፣ ወደብ አይሰጥም። የተባበሩት መንግስታት የባህር ህግ ስምምነት አንቀጽ 125 ባህር የሌለው አገር የማለፍ መብት አለው ይላል፣ ዝርዝሩን ግን ከሚያሳልፈው አገር ጋር ተስማማ ነው የሚልህ። ያውም ኢትዮጵያ ፈርማ አላጸደቀችውም፣ ኤርትራ ጭራሽ አልፈረመችም።

ጥያቄ፦ ምን ህግ ህግ ትላለህ ሽማግሌው፣ ከድንበር አሰብ 60 ኪሎ ሜትር ነው፣ በአንድ ቀን ይገባል

60ዋ የ1900 የጣልያን ውል ናት፣ ድንበሩ ከባህሩ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ውስጥ ይሁን የሚል፣ በመንገድ ከቡሬ 70 ገደማ ነው። (1900 ያልኩት በኛ ነው፣ በፈረንጁ 1908።) በአንድ ቀን ገባህ እንበል፣ በማግስቱ የትኛው የመርከብ ኩባንያ ነው ጦር ሜዳ ላይ ኮንቴይነር የሚያወርድልህ? ኢንሹራንሱንስ ማን ይከፍላል? የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያው በ1989 ነው የተዘጋው፣ ወደቡ ስንት ዓመት ስራ ፈቶ ነው የኖረው። ቀጣይ።

ጥያቄ፦ ሰላም ሓወይ፣ እኔ ኤርትራዊ ነኝ። ሁሌ ስለ እናንተ ወደብ ነው የሚወራው፣ እኛስ?

ሰላም ሓወይ፣ ልክ ነህ፣ እኛ ሰፈር ይሄ አይወራም። ህጋችሁ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው ይላል፣ ከጦርነቱ በኋላ ግን ማለቂያ አጣ፣ ድንበሩ አልተሰመረም እየተባለ አንድ ትውልድ ዩኒፎርም ላይ ቀረ፣ ያልቻለው በሱዳን በሊቢያ ወጣ። ባህሩ እናንተ ጋር ሆኖ ዓሳ አስጋሪው ወታደር ነው፣ እኛ ጋር ደግሞ ከዘጠና በመቶ በላይ ንግዳችን በአንድ ጅቡቲ ላይ ተንጠልጥሏል። ባቡሩ ከ2010 ጀምሮ እየሰራም አብዛኛው ጭነት አሁንም በጋላፊ በከባድ መኪና ነው፣ ሾፌሮቹን ጠይቋቸው። ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባህር በር የተፈረመው ስምምነት (ታህሳስ 2016) ደግሞ ከሞቃዲሾ ጋር አጣልቶን በዓመቱ አንካራ ላይ ነው የበረደው።

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደገና ጦርነት ይመጣል?

ጠንቋይ አይደለሁም ልጄ። እኔ የማየው ትንንሹን ነገር ነው። የአዲስ አበባ አስመራ በረራ በ2010 ሐምሌ ሲጀመር ተስፋ አደረግኩ፣ ነሐሴ 2016 መጨረሻ ላይ ሲቆም ፈራሁ። የመሪዎች ንግግር ሲካረር አልጨነቅም፣ ጠረፍ ላይ ያለ ነጋዴ ዕቃውን መሰብሰብ ሲጀምር ነው የምጨነቀው።

ጥያቄ፦ አሰብ አይናፍቅዎትም?

ሙቀቱ አይናፍቀኝም! ሰዎቹ ግን… አብሮኝ አንድ ጠረጴዛ ላይ የሚሰራ ኤርትራዊ ነበረ፣ ከግንቦት 1990 በኋላ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። 2010 ላይ ስልክ ሲከፈት ሰው በሰው ቁጥሩን አግኝቼ ደወልኩ፣ ሁለታችንም ትንሽ ዝም አልን፣ ከዛ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣ «አንተ፣ ያቺን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ሳትፈርምባት ነው እኮ የሄድከው»