«ቀሚስህን ልበሺ» ይባላል ወይ?

ጥያቄ፦ በ1994 እ.ኤ.አ. ለወጣው የአውስትራሊያ ኮሜዲ፣ «ፕሪሲላ የበረሃዋ ንግሥት» ለሚባለው ፊልም፣ የአማርኛ ሰብታይትል እየሠራሁ ነው። ሁለት ነገር ቸገረኝ። አንደኛ፣ ድራግ ኩዊኖቹን (በሴት ልብስና ዊግ መድረክ ላይ ትርኢት የሚያሳዩትን) ቀሚስ ሲለብሱ «አንቺ»፣ ሲያወልቁ «አንተ» ልበላቸው ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ዓይነት ይሁን? ሁለተኛ፣ ለማስተዋወቂያ «ስለ ተቀባይነት የሚያወራ፣ ሆዳችሁን ይዛችሁ የምትስቁባቸው ድራግ ኩዊኖች ያሉበት ፊልም» ብዬ ጽፌ ጓደኛዬ «ይሄማ መሳለቅ ነው» አለችኝ። ልክ ናት?

መልስ፦ ልክ ናት። ከእሷው ልጀምር።

«ሳቀ» ብቻውን ሲቆም ማንንም አይነካም። ጠባዩ የሚበላሸው በሚለጠፍበት ነገር ነው። «ፈረደለት» እና «ፈረደበት» ምን ያህል እንደሚራራቁ ማንም አማርኛ ተናጋሪ ያውቃል፤ «ለ» የሚጠቀመውን፣ «በ» የሚጎዳውን ይዞ ይመጣል። «ሳቀበት» ሲባልም ተጎጂ አለ። ስለዚህ «የምትስቁባቸው ድራግ ኩዊኖች» ያነበበ ሰው ለማፌዝ የተጠራ ይመስለዋል። በዚህ ፊልም ደግሞ ቀልዱን የሚወረውሩት ድራግ ኩዊኖቹ ራሳቸው ናቸው፤ ሲሰደቡ የሚመልሱት መልስ ነው ሰውን በሳቅ ፍርስ የሚያደርገው።

ወደ «ለ» መሸሽም አያዋጣም። «ሳቀችለት» ማለት ፊት ሰጠችው ማለት ነው፤ የኮሜዲ ወሬ አይደለም። የሚያዋጣው አድራጊ ግስ ነው፦ «የሚያስቋችሁ»። ቅጽሉም እንደዚያው ሁለት መንገድ አለው። «አስቂኝ ሰው» ሌላውን ያስቃል፣ «መሳቂያ» የሆነ ሰው ግን ይሳቅበታል። አብሮነቱን ማሳየት ከፈለጉ «ተሳሳቀ» የሚል ግሩም ግስ አለልዎ፣ ወይም «አብራችኋቸው የምትስቁ» ይበሉ። አንድ ነገር ግን ልለይ፦ «በጣም የሳቅሁበት ትዕይንት» ምንም ነውር የለበትም፤ እዚያ ያለው «በ» የቦታ ነው፣ «የተወለድሁበት ቤት» እንደሚባለው። ከ«የሳቅሁበት» ቀጥሎ የሚመጣው ስም ነገር ከሆነ አይፍሩ፣ ሰው ከሆነ ይፍሩ።

(«ሳቅሁ» የምለው በልማድ ነው። «ሳቅኩ» የሚሉት በዝተዋል፤ ግእዙ ራሱ «ኩ» ስለሆነ በጥንታዊነት ልከራከራቸው አልችልም። ጆሮዬ ግን አይወደውም።)

«ተቀባይነት»ንም ከማስተዋወቂያው ያውጡት። «ተቀባይነት አገኘ» የሚባለው ማመልከቻ ነው፣ ሐሳብ ነው፣ ቅሬታ ነው። ሲበዛ ደግሞ ተቀባዩን ሰው ይሰውራል፤ ማን ተቀበለ? «ተቀበለ» በግእዝም በአማርኛም መጀመሪያ ሰውን ወጥቶ ማግኘት፣ ፊት ለፊት መገናኘት ነው። በዐረብኛ «ቂብላ» ፊት የሚዞርበት አቅጣጫ የሆነው ከዚሁ ሥር ነው። «እንግዳ ተቀበለ» ውስጥ ይህ አካሄድ እስካሁን አለ። እንዲህ ያለ እግርና ፊት ያለው ግስ እያለ ስም አድርጎ ማድረቅ ለምን? «ልጁ አባቱን እንዳለ የሚቀበልበት» ቢሉ ፊልሙን አወሩት ማለት ነው።

አሁን ወደ ዋናው። «ግስ የሰውየውን የተፈጥሮ ፆታ ይጠብቅ፤ ወንድ በምንም ምክንያት ‹መጣች› አይባልም፤ ሰዋስው አይፈቅድም» የሚሉ ሰዎች አሉ። ሰዋስው ግን አልላካቸውም። ፕሪሲላ የምትባለው እኮ ሰው አይደለችም፤ ሦስቱ ተጓዦች ከሲድኒ ወደ አሊስ ስፕሪንግስ የሚሄዱባት አውቶቡስ ናት። መሐል በረሃ ላይ ስትበላሽ «ተበላሸች» ብለው ቢጽፉ ከነዚህ ተከራካሪዎች አንዱም እጁን አያወጣም። ለብረት የተፈቀደ «ች» ለሰው የሚከለከልበትን ደንብ ያሳዩኝ። በአማርኛ አንስታይ ጾታ ከአካል በላይ ሲሠራ ኖሯል። ትንሽነትን ያሳያል፤ «ቤቲቱ ጠባብ ናት»። ፍቅርን ያሳያል፤ እናት ወንድ ልጇን «ነይ የኔ እናት» ትለዋለች፣ ሴት ልጇን «አባቴ፣ ምን ሆንክብኝ» ትላታለች። ንቀትንም ያሳያል፤ ወንድን ለማዋረድ «አንቺ» የሚል ተሳዳቢ ቋንቋ አልጣሰም፣ ባለጌ ነው እንጂ። እንግዲህ ፍቅርም ንቀትም በዚህች ቅጥያ ካለፉ፣ ድራግ ኩዊኖች እርስ በርሳቸው «አንቺ» ሲባባሉ አዲስ መንገድ አልጠረጉም።

ሌሎች ደግሞ ችግሩን በማክበር ይዘሉታል፦ ሁሉንም «እርስዎ»፣ «እሳቸው» ማለት። «እርስዎ» ከግእዙ «ርእስ» የመጣ ነው፤ ራስዎ ማለት ነው፤ ራስ ደግሞ ጾታ የለውም። ብልሃቱ በሰዋስው በኩል እንከን አይወጣለትም። ግን በአንድ አውቶቡስ ለቀናት እየተሰዳደቡ የሚጓዙ ሦስት ጓደኛሞች «ዊግዎን አየሁብዎ» ሲባባሉ ኮሜዲው ወደ ችሎት ይለወጣል።

የሚያስጨንቀው ቦታ ከሚመስለው ጠባብ ነው። «እኔ» እና «እኛ» ጾታ አይለዩም። «እናንተ» እና «እነሱ»ም አይለዩም፤ ግእዝ «አንትን» እና «እማንቱ» የሚሉ የሴቶች ብዙ ቁጥሮች ነበሩት፣ አማርኛ ጣላቸው። የቀሩት ሁለት ሳጥኖች ናቸው፦ ሁለተኛ መደብ ነጠላና ሦስተኛ መደብ ነጠላ። መወሰን ያለብዎ ለነዚህ ብቻ ነው።

ውሳኔውን በልብስ ላይ አይስቀሉት። አልባሳቱ በ1995 እ.ኤ.አ. ለኦስካር ያበቁት ፊልም ነው፤ ልብስ በተለወጠ ቁጥር ግስ ከተለወጠ ተመልካቹ ስንት ሰው እንዳለ ይጠፋበታል። የሚወስነው ማን ለማን እንደሚናገር ነው። ትርጉሙን ሳይጀምሩ አንድ ወረቀት ያስምሩ፦ በአንድ በኩል ተናጋሪው፣ በሌላው የሚነገረው፣ መገናኛው ላይ «አንተ» ወይም «አንቺ»። ለዚህ ፊልም ወረቀቱ እንዲህ ይወጣል። በርናዴት ድራግ ኩዊን ብቻ አይደለችም፤ ትራንስጀንደር ሴት ናት፣ ሲወለዱ ወንድ ተብለው በሴትነት ከሚኖሩት፤ ከቀሚስ ጋርም ያለ ቀሚስም «አንቺ» ናት፣ መካኒኩ ቦብም ሲያናግራት እንዲሁ። ቲክ፣ በመድረክ ስሙ ሚትዚ፣ እና አዳም፣ በመድረክ ስሙ ፌሊሺያ፣ እርስ በርሳቸውና ከበርናዴት ጋር ሲቀላለዱ «አንቺ» ይሁኑ። የቲክ ሚስት ማሪዮን ግን በስሙ ነው የምታውቀው፤ «አንተ» ትበለው። ትንሹ ልጁም «አባዬ፣ አንተ» ይበል። ልጁ አባቱን የሚቀበለው አባትነቱን ሳይነጥቀው ስለሆነ እዚህ ላይ «አንቺ» ማለት ታሪኩን ያጣምማል።

አንድ ቦታ ላይ ግን ደንቡን ሆን ብለው ይስበሩ። አዳም በርናዴትን ማናደድ ሲያምረው የጥንት ስሟን፣ «ራልፍ»ን፣ ያነሣል። እንግሊዝኛው መርዙን የሚያስቀምጠው ስሙ ላይ ብቻ ነው። እኛ ግስም አለን። በዚያች አንዲት መስመር ብቻ ወደ ተባዕት ይዙሩ፣ «ምን ሆንክ፣ ራልፍ?»፣ በሚቀጥለው መስመር ወዲያው ወደ «አንቺ» ይመለሱ። እስከዚያ በ«ሽ» የለመደ ጆሮ «ክ»ን እንደ ጥፊ ይሰማታል። ቀድሞ ሲያምታቱ ከመጡ ግን ጥፊው አይሰማም፤ ተመልካቹ የተርጓሚው ስሕተት ነው ብሎ ያልፈዋል።

ስሕተት ካልሁ፣ የርእሴን «ቀሚስህን ልበሺ» የሚወልደው ኮምፒውተር ነው። ተርጓሚው ሁሉን በ«አንተ» ጽፎ ይጨርስና ሐሳቡን ሲቀይር «አንተ»ን ፈልግ፣ በ«አንቺ» ተካ ይለዋል። አማርኛ ግን ተውላጠ ስሙን አብዛኛውን ጊዜ ይውጠዋል። ይህን ይመልከቱ፦ «ዊግህን አድርገህ ስትወጣ ሁሉም ያይሃል»። «አንተ» የሚል ቃል የለም፤ ጾታው ግን አራት ቦታ ተቀብሯል። ሲዞር «ዊግሽን አድርገሽ ስትወጪ ሁሉም ያይሻል» ይሆናል። ስለዚህ በእጅ፣ መስመር በመስመር፣ ከኋላ ወደ ፊት ይሂዱ፦ መጀመሪያ ማሰሪያ አንቀጹን፣ ከዚያ ንኡስ አንቀጾቹን፣ ከዚያ የባለቤትነት ቅጥያውን፣ መጨረሻ የስሙን መስተአምር፣ ማለትም ስሙን የታወቀ የሚያደርገውን ቅጥያ («ዘፋኙ»፣ «ዘፋኟ»)። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የተሳቢው ቅጥያ ነው፤ «አንቺ ቆንጆ ነሽ፣ ሁሉም ይወድሃል» ዓይነት ጉድ ከዚያ ይመጣል።

ትእዛዝ አንቀጹ የራሱ ጣጣ አለው። «ልበስ» «ልበሺ»፣ «ሂድ» «ሂጂ»፣ «ዝፈን» «ዝፈኚ»፣ «ተኳል» «ተኳዪ» ይሆናል፤ የጥርሱ ፊደል ወደ ላንቃ ይሸሻል። «አውልቅ» እና «ጨፍር» ግን ፊደላቸው አይሸሽም፤ «አውልቂ»፣ «ጨፍሪ»። ዛሬ ብዙ ሰው «ልበሽ»፣ «ሂጅ» ብሎ «ኢ»ን ይገድፋል። ፊደሉ አስቀድሞ ስለተለወጠ አንስታይነቱ አይጠፋም ይላሉ፣ እውነት ነው፤ አነጋገሩም እንደዚያ ሆኗል። «ጨፍር» ብለው ግን «ኢ»ን ቢገድፉ ወንድ አዘዙ። በአንዱ እየጣልን በሌላው ከምንይዝ በሁሉም መያዙ ይሻላል ብዬ «ልበሺ» እጽፋለሁ። ሌላው ሰው ልማዱን ትቶ ይከተለኛል ብዬ አይደለም።

ይህ ሁሉ ሸክም አንድ ትርፍ አለው። የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ጾታን እስከ መጨረሻዋ ፊደል መደበቅ ይቻላል። ቀልዱ «ማን መጣ?» ላይ ከቆመ «ይህቺ» እና «የመጣችው»ን ከፊት ያስወግዱ፣ ማሰሪያውን ወደ ሁለተኛው መስመር ያውርዱ። ሰብታይትል በአንድ ጊዜ ከሁለት መስመር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ቀልዱ ሁለተኛው መስመር ጫፍ ላይ ይረፍ። ሰዓቱንም ይጠብቁ፤ ቀድሞ ከወጣ ተዋናዩ ሳይናገር ተመልካቹ ያነበዋል፣ ከዘገየ ደግሞ ሰው ስቆ ካበቃ በኋላ ይመጣል።

መጠሪያዎቹን በተመለከተ፣ ድራግ ኩዊኖች በየዐረፍተ ነገሩ የሚጠራሩበትን የእንግሊዝኛ ቁልምጫ «ገርል» ብለው እንዳለ አይገልብጡት። «እቴ» አለልን! «ተይ እቴ!»፣ «ምን አውቃለሁ እቴ!»። ከ«እኅቴ» የመጣ ነው፤ ኅ ወድቃ፣ ትርጉሙ ተሟሙቶ፣ ለወንድም ለሴትም የሚጣል ቃል ሆነ። «እትዬ» እኅቱ ናት፣ «እቴጌ»ም ዘመዳቸው ነው ይባላል፤ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «ጌ» ብዙ ስታከራክር ኖራለች። እኅትነቷን ረስታ ለሁሉም የምትሆን ቃል ለዚህ ፊልም የተሰፋች ትመስላለች። ወጣቶቹ «ማሬ» ይመርጣሉ፤ እሱም ይሁን፣ ግን አይናከስም።

«ኩዊን» የሚለውን ለመተርጎም ከተነሡ «እቴጌ» አይሆንም። እቴጌነት በጋብቻ ነው፤ ጣይቱ እቴጌ ነበሩ፣ ዘውዲቱ ግን በራሳቸው ዙፋን ንግሥተ ነገሥታት። ድራግ ኩዊን ዘውዱን ራሷ ስለምትደፋ «ንግሥት» ናት፤ የፊልሙ ርእስ ላይ በትክክል ገብቷል። ለሙያው መጠሪያ ግን ብድሩን ይያዙ። «‹ወንዳገረድ› የሚል የአገር ቃል እያለ» የሚል ሰው ይመጣብዎታል። ያ ቃል ስለ አካል የሚነገር ነው፣ አሁን ደግሞ ስድብ ሆኗል፤ ድራግ ኩዊን ግን የመድረክ ሥራ ናት። አጻጻፉ «ኲን» ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር፤ ፊደላችን ለዚህ ድምፅ አንዲት ሆሄ እያላት በሁለት መጻፍ ብክነት ነው። «ኩዊን» አሸንፏል፤ «ኲን» ቢጽፉ ተመልካቹ ሲያጣራ መስመሩ ያልፈዋል።

«ድራግ»ን ግን ብቻዋን እንዳይተዋት። አደንዛዥ ዕፁም በአማርኛ ፊደል «ድራግ» ተብሎ ይጻፋልና «ከልጅነቱ ጀምሮ ድራግ ይወድ ነበር» የሚል ሰብታይትል ተመልካቹን ወደ ሌላ ፊልም ይወስደዋል። ሁልጊዜ ከ«ኩዊን» ጋር ያጣምሯት፣ ወይም «የድራግ ትርኢት» ይበሉ። ተዋናዩ ለብቻዋ ከጠራት ደግሞ «ቀሚሱና ዊጉ» ብለው ይለፉት።