የሚዜዬን ቤት አሳምሬ ተመለስኩ

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደብረ ብርሃን ነው። ሥራዬ ልስን፣ ስቱኮና ሴራሚክ ነው። አዲስ አበባ የሚኖር አብሮ አደግ አለኝ፤ አንኮበር አብረን ነው ያደግነው፣ ሚዜዬም ነው። ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ሲያስረክቡት ደግሞ እንደሚታወቀው ግድግዳው ገና ብሎኬት ነው፣ የውስጡ ሥራ የባለቤቱ ነው። «ጠፋህ እኮ፣ ና ቤቴንም እየው» አለኝ። ጥምቀትን አክብሬ ልመለስ ብዬ ሄጄ ነነዌን እዚያው ጾምኩ።

ላምበረት ስወርድ እንኳ አልተቀበለኝም፣ አድራሻውን በቴሌግራም ላከልኝ። በማግስቱ የልስን መሣሪያዬን፣ ካዞላዬን፣ ያዝኩ። እሱ ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ይገባል። መታጠቢያ ቤቱን ከእኔ በፊት የገባ ሰው በጄሶ ለስኖት ነበር። ጄሶ ውሃ አይችልም፤ በጣቴ ብነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። ሁሉንም አራግፌ በሲሚንቶ እንደገና ለሰንኩት፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እያጠጣሁ ከረምኩ፣ ከዚያ ሴራሚኩን ሠራሁ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ሲሚንቶ ያወጣሁትም እኔው ነኝ። ብር አልጠየቅኩም፣ እሱም አላነሳም። ይሁን።

ያንገበገበኝ ሌላ ነው። ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ የመንዝ ባና ይዤላቸው ነበር፣ ሱፉን እናቴ ራሷ የፈተለችው። ቀለም ስንጀምር ሚስቱ አመጣችና ወለሉ ላይ አነጠፈችው፣ ቀለም እንዳይንጠባጠብ። እኔም ምንም ሳልል እላዩ ላይ ቆሜ ቀባሁ። ሮለሩን ባነሳሁ ቁጥር ጠብ ይልበታል። ይኸው እስካሁን ትዝ ሲለኝ እንቅልፍ ይነሳኛል። ስመጣም የመሳፈሪያ ሰጥቶኝ «ተባረክ» አለኝ፣ በቃ።

ባለቤቴ «ከዚህ ሰው ራቅ» ትላለች። መራቅ ግን አልችልም። ትልቋ ልጄ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ትጨርሳለች፣ ጎበዝ ናት። 11ኛና 12ኛን አዲስ አበባ እንድትማር፣ እነሱ ጋር እንድትቀመጥ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ሚስቱም ደስ ብሏታል፣ «እሷ ከመጣች ሠራተኛዋን አሰናብታለሁ» እንኳ ብላለች። ከማብሰያው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል አሳምሬ ስቱኮ የመታኋት ለዚህ ነው። አሁን የባናውን ነገር ባነሳበት ይከፋውና የልጄ ጉዳይ ይበላሽ ይሆን? ወይስ ዋጥ አድርጌ ልተወው?

መልስ

ወንድሜ፣ ስለ ባናው ብዙ አልልም። ነውር ነው። ግን አንተም ብድግ አድርገህ አጥፈህ ብታስቀምጠው ማንም አይከለክልህም ነበር።

ዓይኔ የቀረው ሌላ ቦታ ነው። «እሷ ከመጣች ሠራተኛዋን አሰናብታለሁ።» ይህን የምሥራች አድርገህ ነው የጻፍከው። እስቲ መልሰህ አንብበው። ሴትየዋ ምንም አልደበቀችህም እኮ! ከመጪው መስከረም ጀምሮ ሽንኩርቱን ማን እንደሚልጥ፣ ልብሱን ማን እንደሚያጥብ፣ ቡናውን ማን እንደሚያፈላ ፊት ለፊት ነግራሃለች። እንዲያውም ግልጽነቷን ወድጄላታለሁ። ያቺ ከማብሰያው ጎን ያለች ክፍልስ፣ መስኮት አላት? አልጻፍክም።

«ላስተምራት» ተብላ ከክፍለ ሀገር የመጣች ልጅ የሌለችበት ሰፈር አዲስ አበባ ውስጥ ብትፈልግ አታገኝም። መጀመሪያ የቀን ተማሪ ናት። ቆይቶ የቤቱ ሥራ ይበዛና ማታ ትዛወራለች። ከዚያ ማታውም «ዛሬ እንግዳ አለብን፣ ቅሪ» ይሆናል። ደመወዝ የላትም፣ ምክንያቱም «የቤት ልጅ» ናት። አታኮርፍም፣ ምክንያቱም አባቷ ወዳጅ ነው። ተቀጥራ የምትሠራዋ ቢያንስ ሲከፋት ሻንጣዋን ይዛ ደላላ ጋ ሄዳ ሌላ ቤት ትገባለች። ያንተ ልጅ የት ትሄዳለች? ሕግ አለ እንዳትለኝ ደግሞ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ ቁጥር 1156/2011፣ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። በደመወዝ ለተቀጠረችው ያልደረሰ አዋጅ ለሚዜህ «እንግዳ» ሊደርስላት ነው?

ለምን ብላስ ትሂድ? የ12ኛ ክፍል ፈተና አገር አቀፍ ነው፤ አዲስ አበባ ስለተቀመጠች የሚቀልላት ጥያቄ የለም። ደብረ ብርሃንም ዩኒቨርሲቲ ያላት ከተማ ናት፣ ሌሎች ልጆች ከሩቅ ይመጡባታል። ለጎበዝ ልጅ የሚያስፈልጋት ማታ ማታ ደብተሯን ዘርግታ «ተነሺ» የማትባልበት ጠረጴዛ ነው። እሱ ደግሞ እናንተ ቤት አለ። ለመሆኑ እሷን ጠይቀሃታል? በደብዳቤህ ውስጥ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

ልናገርህ፣ አትቆጣ። ዝም ብለህ የሠራኸው በወዳጅነት ብቻ አይደለም። ሴራሚክ በካሬ እንደሚከፈል ከእኔ በላይ ታውቃለህ። ያን ሁሉ ድካም ለልጅህ ማደሪያ ቀብድ ይሁን ብለህ ነው የዋጥከው፤ እነሱ ግን ቀብድ መቀበላቸውን እንኳ አያውቁም። ለልጁ ሲል ያን ሁሉ ደረጃ ሲሚንቶ ተሸክሞ የወጣ አባት አንጀቴን ይበላኛል፣ እውነቴን ነው። ብቻ መንገዱን ስተሃል።

ደውልለት። «ልጄ እዚሁ ልትማር ነው» በለው፣ ሰበብ አትደርድር። ዋጥ አድርገህ የምታተርፈው ነገር ስለሌለ የባናውንም ንገረው። ቀጥለህ «የሠራሁልህን በወዳጅ ዋጋ አስበህ ላክልኝ፣ ለአስጠኚ እከፍልበታለሁ» በለው። ማፈር ያለብህ አንተ አይደለህም፤ እጅህ የሠራውን ነው የጠየቅከው። ሚዜ ከሆነ ይልካል። ኩርፊያ ከመረጠም ልጅህን ሳትሰጠው ማንነቱን አወቅክ፣ እሰየው ነው።

ባለቤትህስ፣ ሴትየዋ ስለ ሠራተኛዋ ያለችውን ነግረሃታል? ካልነገርካት ዛሬውኑ ንገራት፣ ከዚያ በኋላ የእኔ ምክር የሚያስፈልግህ አይመስለኝም።