ስለ ሕንድ የእጅ ጥልፍ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጡ መልሶች

ጥያቄ፦ ከሕንዷ ሉክናው ከተማ የመጣ፣ በነጭ ስስ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር የተጠለፈ ቀሚስ ገዝቻለሁ። ሻጩ የእጅ ሥራ መሆኑን አረጋግጦልኛል፤ አንዲት ወዳጄ ግን «ጀርባው ላይ ቋጠሮ ከሌለ የማሽን ነው» ትላለች። በምን ልለየው?

መልስ፦ ወዳጅዎ ጨርቁን ገልብጠው እንዲያዩ መምከራቸው ትክክል ነው፤ ቋጠሮን ብቸኛ መለኪያ ማድረግ ግን እጅግ የተዋጣላቸውን የእጅ ሥራዎች ያለ ጥፋታቸው ያስጥላል። በካርናታካ ግዛት የሚሠራው ካሱቲ የተባለው ጥልፍ ሲጀመርም ሆነ ሲጨረስ ቋጠሮ የለውም፤ ጠላፊዋ የጨርቁን ክሮች እየቆጠረች ከሄደች በኋላ በዚያው መስመር ተመልሳ የተዘለለውን ክፍተት ስለምትሞላው፣ ፊቱና ጀርባው አንድ ዓይነት ሆኖ ይወጣል። የፑንጃቡ ፉልካሪ ደግሞ የሚሠራው ከጀርባ በኩል ነው፤ በፊቱ ሰፊ ሆኖ የሚያንጸባርቀው የሐር ክር በጀርባው ጥቃቅን ነጠብጣብ ብቻ ይተዋል። ስለዚህ አስቀድሞ መታወቅ ያለበት የእያንዳንዱ አካባቢ ጥልፍ ጀርባው ምን መምሰል እንዳለበት ነው።

የእርስዎ ቀሚስ ቺካንካሪ የሚባለው ዓይነት ነው። ንድፉ በመጀመሪያ በተቀረጸ እንጨት፣ በውኃ በሚለቅ ሰማያዊ ቀለም በጨርቁ ላይ ይታተማል፤ ጥልፉ ካለቀ በኋላ አጣቢው ቀለሙን አጥቦ ያስለቅቀዋል። ባኪያ የተባለው ስፌት ካለበት፣ ከአበባው ቅጠሎች አንዱን መርጠው ከጀርባው በቅርበት ይመልከቱት፤ ክሩ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው እየተሻገረ፣ እርስ በርሱ እየተጠላለፈ መላውን ቅጠል ሸፍኖት ያገኙታል። ፊቱን ሲመልሱት ያ ሁሉ ክር በስሱ ጨርቅ ውስጥ እንደ ጥላ ደብዝዞ ይታያል፤ ጎልተው የሚወጡት ቅጠሉን የከበቡት ደቃቅ ስፌቶች ብቻ ናቸው። ማሽን የሚሠራው በሁለት ክሮች ማለትም ከላይ በሚወርደውና ከሥር በሚጠብቀው ስለሆነ፣ ጀርባው ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም ጨርቁን ለማጠንከር ከሥር የተደረገ ወረቀት መሳይ ነገር ተጣብቆበት ይቀራል። ወንፊት የሚመስል ክፍል ካለውም ልብ ይበሉ፤ በእጅ ሲሠራ የጨርቁ ክር አይቆረጥም፣ በመርፌ ተገፍቶና ተጠብቆ ይታሰራል እንጂ። የተቆረጡ ቀዳዳዎች ካዩ መጠርጠር ይኖርብዎታል።

ለዚህ ጉዳይ ሰፊ ቦታ የሰጠሁት ያለ ምክንያት አይደለም። የሉክናው ቺካን እ.ኤ.አ. በ2008 ከቦታው ስም ጋር የተያያዘ የሕግ ጥበቃ አግኝቷል፤ ይሁን እንጂ አብዛኞቹ ጠላፊዎች በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች በየቤታቸው ሆነው፣ በደላላ በኩል በቁራጭ ሒሳብ በአነስተኛ ዋጋ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። በማሽን የተሠራ ልብስ መግዛት ነውር የለበትም፤ በእጅ ሥራ ስም ሲሸጥ ግን የእነዚህን ሴቶች መተዳደሪያ ይነጥቃል፤ ገዢው ልዩነቱን ጠይቆ ሊረዳ ይገባል የምለውም ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የተረከብኩት በወርቃማ ክር ያጌጠ ሳሪ እየጠቆረ ነው። በብር ማጽጃ ላጽዳው?

መልስ፦ በፍጹም አያድርጉት። ዛርዶዚ በተባለው የብረት ክር ጥልፍ ላይ የሚውለው እውነተኛው ዛሪ፣ ማለትም ወርቃማው ክር፣ በሐር ክር ላይ የተጠመጠመ፣ ወርቅ የተቀባ ብር ነው፤ ማጽጃው ስሱን ወርቅ ይልጠዋል፣ ሐሩንም ያበላሸዋል። የሚያጠቁረው ብሩ ከአየር፣ ከላብና ከሽቶ ጋር ሲገናኝ ነው፤ የጠቆረውን ባለበት ተቀብሎ እንዳይብስ መጠበቅ ይሻላል። ሳሪውን በታጠበ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ፕላስቲክ እርጥበት ስለሚያፍን አይስማማውም። የብረቱ ክብደት ጨርቁን ስለሚቀድደው አይስቀሉት፤ በየጊዜውም እጥፋቱን ይቀያይሩ። ሽቶ ለብሰው ከጨረሱ በኋላ በልብሱ ላይ አይርጩ። የተፈገፈጉት ቦታዎች ቀይ ቢመስሉ ግን ከሥር ያለው መዳብ ነው ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ርካሽ ማስመሰያ ይሆናል፤ አያያዙ ግን አይለወጥም።

ጥያቄ፦ በጉጃራት ልብሶች ላይ የሚታዩት ትንንሽ መስታወቶች በሙጫ የተለጠፉ ናቸው? ማጠብስ ይቻላል?

መልስ፦ በካችች አካባቢ በሚሠራው ጥንታዊ ሥራ ሙጫም ቀዳዳም የለም። ጠላፊዋ መስታወቱን በጨርቁ ላይ አስቀምጣ በላዩ ላይ ክሮችን አግድምና ቀጥታ ትዘረጋለች፤ ከዚያ መርፌዋን አንድ ጊዜ በእነዚያ ክሮች ሥር፣ አንድ ጊዜ በጨርቁ ውስጥ እያሳለፈች ዙሪያውን ስትዞር፣ የተዘረጉት ክሮች ወደ ዳር ይሳቡና መስታወቱን እንደ ቀለበት ፈርጥ አቅፈው ይይዙታል። ራባሪ የተባሉት አርብቶ አደሮች ሦስት ማዕዘንና የለውዝ ቅርጽ ያላቸውን መስታወቶች ጭምር ይጠቀማሉ፤ አሂር የተባሉት የዚያው አካባቢ ማኅበረሰብ ደግሞ ክቡን ያዘወትራሉ። ይህ ሥራ የገቢ ምንጭ እንዲሆን ከታገሉት መካከል ቻንዳ ሽሮፍ ይገኙበታል፤ እ.ኤ.አ. በ1969 በድርቅ ለተጎዱ የካችች ሴቶች የጥልፍ ሥራ በመስጠት ሽሩጃን የተባለውን ድርጅት ጀምረዋል።

ልብሱን በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና፣ ሳያሹና ሳይጨምቁ በእጅ ይጠቡት፤ ቀያይና ጥቋቁር ክሮች ቀለም ሊለቁ ስለሚችሉ በመጀመሪያ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጫፋቸውን ይፈትሹ። በጥላ ሥር ዘርግተው ያድርቁት፤ ሲተኩሱም ገልብጠው፣ ከሥር ወፍራም ፎጣ አንጥፈው ይሁን።