ሙያውን ከመተውህ በፊት በሮቹን እጠባቸው

ከአዘዞ የጻፍክልኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። በአካውንቲንግ ተመርቀህ ሁለት ዓመት ሥራ ፈልገህ አጣህ። ከዚያ ጎንደር ውስጥ እንጨት ቤት ገብተህ ላከር (እንጨት ላይ የሚረጭ አብረቅራቂ ቅብ) መርጨት ለመድክ። ባለፈው ወር በራስህ ስም የመጀመሪያውን ሥራ ያዝክ፤ 14 በር ያለው አሮጌ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን፣ ዋንዛ። የቀድሞውን ቫርኒሽ በ80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ፈትገህ፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠርገህ ስትረጭ ዘጠኙ በር ላይ ምስር የሚያክሉ ክብ ክብ ጉድጓዶች ወጡ። ደንበኛዋ ቀሪውን ክፍያ ያዙብህ። አባትህ «ይኸው ነው! ዲግሪህን ይዘህ ቢሮ ግባ» አሉህ። አንተ ደግሞ «እጄ ለዚህ ሙያ አይሆንም ማለት ነው?» ብለህ ጠየቅከኝ።

እጅህ ምንም አልሆነም። የጎደለህ አንድ ትምህርት ነው፣ እሱንም ብዙ እንጨት ቤት ውስጥ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምርም።

ስህተትህ የቅደም ተከተል ነው። ቅባት የያዘውን እንጨት ሳታጥብ ፈተግከው። ብርጭቆ ወረቀት ቅባትን አያነሳም፤ አሙቆ ይገፋዋል፣ ከአንዱ በር ወስዶ ሌላው ላይ ይቀባዋል፣ አዲስ በተከፈተው የእንጨት ቀዳዳ ውስጥ ይከተዋል። በውሃ የራሰው ጨርቅህም አቧራውን እንጂ ቅባቱን አልወሰደም። ላከር ደግሞ ቅባት ላይ፣ ከሁሉ በላይ በዕቃ ማብረቂያ ውስጥ በሚገባው አንሸራታች ሲሊኮን ላይ፣ አይዘረጋም። ይሸሻል፣ ዙሪያውን ይከመራል፣ መሐሉን ባዶ ይተወዋል።

አሁን ሄደህ ጉድጓዶቹ የት የት እንደወጡ አስተውል። እጀታው ዙሪያ ከሆነ ሎሽን፣ ቫዝሊን ወይም ከፀጉር ወደ እጅ የመጣ ቅቤ ነው። ከምድጃው በላይ ባሉት በሮች ታችኛ ጠርዝ ላይ ከሆነ ከቁሌት ጋር የሚነሳው ዘይት ነው፤ በጥፍርህ ብትፍቀው ቢጫ ሆኖ ይጠቀለላል። ጧፍ የሚበራበት ጥግ ካለ ሰም ፈልግ። በበሩ ሙሉ ገጽ ላይ ከተበተኑ ግን ዕቃ ማብረቂያ ተብሎ የሚረጨውን ፖሊሽ ጠርጥር፣ ብዙዎቹ ሲሊኮን አለባቸው። ከኮምፕረሰር (ለመርጫው አየር ከሚያምቀው ማሽን) የሚወጣ ዘይትም እንዲሁ ያደርጋል። ለማረጋገጥ ባዶውን አየር ለአንድ ደቂቃ ንጹሕ መስታወት ላይ ንፋበት፤ ነጠብጣብ ከቀረ የታንኩን ውሃ አፍስስ፣ ማጣሪያውን ቀይር። (ክረምት ላይ ላከር እንደ ወተት ሲነጣ ግን ያ እርጥበት ነው፣ ከዚህ ጋር አታምታታው።)

የሚቀጥለውን ሥራ እንዲህ ጀምር። እጀታና ማጠፊያውን ሁሉ ፍታ። ሰም ካለ በፕላስቲክ ስስ ጠርዝ ቀስ ብለህ አንሳ። በአንድ ሊትር ለብ ያለ ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና በጥብጥና በደንብ በተጨመቀ ጨርቅ እጠብ፤ ውሃ ከበዛ መጋጠሚያው ያብጣል። በንጹሕ ውሃ ሁለት ጊዜ አጥራው፣ የሳሙና ቅሪትም ራሱ ቆሻሻ ነውና። አንድ ሙሉ ቀን ይድረቅ። ከዚያ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛውን) ያዝ፣ ነጭ ጨርቅ በሁለት እጅህ። በአንዱ አርሰህ ክንድ የሚያህል ቦታ ጥረግ፣ ሳይተን በደረቁ ወዲያው አንሳው። በአንዱ ጨርቅ ብቻ ስትመላለስ ቅባቱን ታዞረዋለህ እንጂ አታወጣውም። ጨርቁ ቢጫ መያዝ እስኪያቆም ድረስ እየገለበጥክና እየቀየርክ ቀጥል። ነጭ ጋዝ አትጠቀም፣ ራሱ ቅባት ይተዋል። ቤንዚን ጭራሽ አታስጠጋ። በርና መስኮት ክፈት፣ የራሱትን ጨርቆች ውጭ ዘርግተህ አድርቅ።

ብርጭቆ ወረቀት ገና አሁን ነው። ባዶ እንጨት ከሆነ በ180 ጀምረህ በ220 ጨርስ።

ሲሊኮን ከጠረጠርክ መጥረግ ብቻ አይበቃም፣ መሸፈን አለበት። 120 ግራም ሼላክ (በአልኮል የሚሟሟ የእንጨት መቀቢያ ሙጫ) በአንድ ሊትር አልኮል አሟሟ፤ አልኮሉ 95 በመቶ ይሁን፣ የቁስል ማጽጃው ውሃ አለበት። ሰሙ ወደ ታች እስኪዘቅጥ አቆይና የላይኛውን የጠራውን ብቻ ቅዳ። ሁለት ስስ ቅብ በቂ ነው።

የተበላሹት ዘጠኙ በሮች ይድናሉ። ላከሩ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ በ320 ደልድለህ፣ በአኳራጅ በሁለት ጨርቅ ጠርገህ፣ ሼላክ ቀባ። ከዚያ ላከሩን እንደ ጭጋግ ስስ አድርገህ ሦስት ጊዜ እርጭ፣ በየመሐሉ አሥር አሥር ደቂቃ እየጠበቅክ፤ የሞላውን ቅብ መጨረሻ ላይ አድርገው። ጉድጓዱን በወፍራም ላከር ልሙላው አትበል፣ ይሰፋል። ጉድጓድ ያጠፋል ተብሎ ላከር ውስጥ የሚጨመረውን ጠብታም አልመክርህም። እሱም ሲሊኮን ነው፤ አንዴ ከገባ መርጫህንና ቤቱን ይበክላል።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። 14 በር ስትዋዋል ለማጠብ ስንት ቀን ቆረጥክ? በደብዳቤህ የለም። ከአምስት ቀን ሥራ ሁለቱ ጽዳት ነው፤ በውሉ ላይ ለብቻው ጻፈውና ዋጋ አውጣለት። ከመዋዋልህ በፊት ደንበኛን «በምን ነበር የምትወለውሉት?» ብለህ ጠይቅ፣ ጠርሙሱንም አሳዩኝ በል። ለኮምፕረሰር 60 ሺህ ብር ልበደር ያልከውን ለጊዜው ተወው፤ ለቀን የሚከራይ ፈልግ። ወደ አዲስ አበባ ልሂድ ብለህ ከሆነም መልስ አይደለም፣ ቅባት እዚያም አለ። የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተናውን ግን ውሰድ።

የአባትህን ነገር በግልጽ ልናገር፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ። ሁለት ዓመት የተፈለገው ቢሮ አልተገኘም፤ «ቢሮ ግባ» ማለት በሩን አይከፍተውም። ዲግሪህም አልባከነም፣ የጽዳቱን ቀን ቆጥሮ ዋጋ ማውጣት የሂሳብ ሰው ሥራ ነው። ለእጅ ሥራ እንደማደላ አልደብቅህም። ቢሆንም ጎንደር ለጥምቀት እንግዳ የምትቀበል ከተማ ናት፤ አሮጌ ዋንዛ ሳያበላሽ የሚያድስ ሰው እዚህ ሥራ አያጣም።

ነገ ደንበኛዋ ጋ ሂድና ስህተቱ የእኔ ነው፣ ምክንያቱንም አውቄዋለሁ በላቸው። ከዘጠኙ አንዱን፣ ከምድጃው በላይ ያለውን፣ ይዘህ ተመለስ። እሱን ጨርሰህ ካሳየሃቸው በኋላ ስለ ስምንቱና ስለ ቀሪው ክፍያ ተነጋገሩ።